ጽዋ፣ ብርሌና ጋያ፦ በጎጃም ምድር መጠጥና ትምባሆ ስለ መለያየታቸው

የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ለዘንድሮው እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ርእሱን እኔው እንድመርጥ ፈቅዶልኝ ነበር። የመረጥሁት ጉዳይ ለመሐንዲስ የማይገባ ጨዋታ መስሎ የሚታያቸው የማኅበራችን አባላት ሊኖሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ያነሡት ራሳቸው አባላቱ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሙያ ስብሰባዎቻችን በኋላ በሚደረጉ ግብዣዎች ላይ፣ በተለይም ለትምህርትና ለሥራ ወደ ውጭ ደርሰው በተመለሱት ባልደረቦቻችን ዘንድ፣ “ለስላሳ ሲጋር ከደረቅ ነጭ የወይን ጠጅ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም?” የሚል ክርክር ይሰማል። ደረቅ ማለት ስኳሩ በመብላላት ያለቀ፣ ጣፋጭነት የሌለው ማለት ነው። ክርክሩ ስለ ምላስ ብቻ የሚደረግ ይመስላል። በአዴትና በፍኖተ ሰላም መካከል ላደገ ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም በእኛ አገር መጠጥና ትምባሆ በአንድ ገበታ ላይ ተገናኝተው ያውቃሉ ወይ፣ ካልተገናኙስ የለያያቸው ማን ነው የሚለው ነው።

የተከራካሪዎቹን ጥያቄ አስቀድሜ በአጭሩ ልመልስ፤ የኬሚስትሪ ነገር ነውና ብዙ አያከራክርም። ነጭ የወይን ጠጅ የሚሠራው ጭማቂው ከወይኑ ልጣጭ ቶሎ ተለይቶ ስለሆነ፣ አፍን የሚያደርቀውና የሚያጣብቀው ታኒን የተባለው ቅመም በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። ኮምጣጣነቱ ግን ብርቱ ነው፤ ፒኤቹ ከ3 እስከ 3.5 ባለው መካከል ይገኛል። ኮምጣጣ ነገር ምራቅን ይጠራል፣ ምራቅም አፍን ያጥባል። ቀይ የወይን ጠጅ በታኒኑ ላይ የትምባሆን ምሬት ሲደርብ፣ ነጩ ግን ያቀልለዋል። ሲጋሩ ለስላሳ መሆን አለበት የሚባለውም ጠንካራው የወይኑን ጣዕም ስለሚውጠው ነው። እስከዚህ ድረስ አዋቂዎቹ የሚሉት ትክክል ነው።

ነገር ግን እነርሱ የማይናገሩት አንድ ነጥብ አለ። የሲጋር ቅጠል በጥላ አየር ደርቆ ለረጅም ጊዜ የሚብላላ ስለሆነ፣ ጭሱ ከተራው ሲጋራ ጭስ ይልቅ ወደ አልካሊነት ያዘነብላል። ስለዚህ ኒኮቲኑ ወደ ሳንባ ሳይወርድ በአፍ ሥጋ በኩል ወደ ደም ይገባል። ሲጋር አጫሹ ጭሱን ሳይውጥ የሚረካው በዚህ ምክንያት ነው። አፍ በኮምጣጣ መጠጥ በታጠበ ጊዜ ግን ይህ መንገድ ይጠብባል። ማጨስ ለማቆም የኒኮቲን ማስቲካ የሚያኝኩ ሰዎች ቡናና የፍራፍሬ ጭማቂ አብረው እንዳይወስዱ የሚመከሩት ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ደረቁ ነጭ ወይን ለሲጋሩ ያደረገለት ውለታ ቢመረመር፣ ከኃይሉ በከፊል መንጠቅ ሆኖ ይገኛል። ተስማሙ የምንላቸው ሁለት ነገሮች አንዳንድ ጊዜ አንዱ ሌላውን ያደከመባቸው ናቸው።

ይህንኑ ሚዛን ወደ ጎጃም ብናመጣው ምን እናገኛለን? የጎጃም ማር የታወቀ ነው፤ ጠጁም እንደ ማሩ ነው። ጠጅ ከማርና ከውኃ ተጥሎ በጌሾ ይመራል። ውሎ ሲያድርና ሲበረታ ጣፋጭነቱ እየራቀ፣ ኮምጣጤነቱ እየቀረበ ይሄዳል። ስኳሩ ያለቀ፣ የበረታ፣ የጠራ ጠጅ ከደረቅ ነጭ ወይን በባሕርዩ እጅግ አይርቅም። በጭስ ረገድም ጋያ ነበረ። የጋያ አሠራር የሚደነቅ ነው፦ የቅሉ ሆድ ውኃ ይይዛል፣ ትምባሆው በሸክላው አናት ላይ ይነድዳል፣ ጭሱም በውኃው ውስጥ እየተንቦቀቦቀ አልፎ ቀዝቅዞ በመቃው በኩል ይሳባል። ሙቀት ማስተላለፍን ላጠና ሰው ይህ ራሱን የቻለ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ነው። ሁለቱ በእጅ የነበሩ ነገሮች ናቸው፤ በጣዕም ስሌት ቢሆን ኖሮ ብርሌና ጋያ ጎን ለጎን በተቀመጡ ነበር። እኔ በማውቀው የጎጃም ቤት ግን አልተቀመጡም። በፍኖተ ሰላም ጠጅ ቤቶች አሳላፊው ብርሌ ሲያዞር፣ ማጨስ ያማረው ሰው ብርሌውን በአግዳሚው ላይ ትቶ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። ማንም ውጣ አይለውም፤ ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ የመለያየቱ ምክንያት ምላስ አይደለም፤ በሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

መጠጡ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሥፍራና ማዕረግ ነበረው። ከሁሉ በላይ የቆመው የወይን ፍሬ ነው፤ እርሱም ለመንበሩ የተለየ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሴ ወይን የሚዘጋጀው ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ ከተጨመቀ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ ሥርዐት አይቶ ጽፎአል። ቀጥሎ ጠጅ የመኳንንት መጠጥ ነበረ፤ ጠላ ደግሞ የሕዝቡ ሁሉ። ጽዋውም፣ ብርሌውም፣ ዋንጫውም እያንዳንዱ የራሱ ጌታ ነበረው።

በዚህ ላይ ስለ ምዕራብ ጎጃም አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የአባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ሰከላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በወጣትነቱ በሚስቱ ቤተሰብ በኩል የወይን ጠጅ ነጋዴ የነበረ፣ ለንግዱም ሲል እስከ ፖርቱጋልና እስከ ስፔን የወይን አዝመራ ድረስ የተጓዘ ሰው ነው። በአገራችን ሳለም ከጣና ምሥራቅ ካሮዳ በተባለው ስፍራ ስለሚበቅለው ወይን ጽፎአል። እንዲህ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዐባይ ሲደርስ፣ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጽዋ ያነሣው በወይን ሳይሆን ከምንጩ በቀዳው ውኃ ነበር። የያዘውም ጽዋ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ነበር። የሥነ ሥርዐት መጠጥ ከአገሩ ሊለይ እንደማይችል ነጋዴው ራሱ ሳይወድ የመሰከረ ይመስለኛል።

ትምባሆ ወደዚህ ሥርዐት የገባው ሥፍራው ሁሉ ከተያዘ በኋላ ነው። ተክሉ የአሜሪካ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1492 በፊት ከአትላንቲክ ወዲህ ያለ ሰው አያውቀውም ነበር። እንግዲህ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ የተደረሰው ፍትሐ ነገሥት ትምባሆን ሊከለክል አይችልም፤ ሕልውናውን የሚያውቅ አልነበረምና። ክልከላው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፈ ታሪክ ተነሣ። አበው እንደሚተርኩት፣ ሆዱ ተዘርግፎ ከሞተው ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ዕፅ ነው። አርዮስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ336 ነው፤ ስለዚህ ተረቱ ከተክሉ መምጣት ቢያንስ በ1150 ዓመት ይቀድማል። የዘመን ስሌቱን ማፍረስ ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገን ግን ተረቱ የሠራውን ሥራ ማየት ነው። አንድ እንግዳ ተክል በመጣ ጊዜ ኅብረተሰቡ ሥፍራ ሲያጣለት፣ ከኒቅያ ጉባኤ ጠላት ጋር አዛምዶ ከጽዋው በተቃራኒ አቆመው። ከዚያ በኋላ ትምባሆ መጥፎ ሽታ ያለው ቅጠል መሆኑ ቀርቶ የተሳሳተ ሃይማኖት ምልክት ሆነ።

የዚህን ፍርድ እንግዳነት ለማየት ወደ ቡሬ ገበያ መውረድ ይበቃል። ትምባሆ፣ በርበሬ፣ ድንችና ቲማቲም ሁሉም የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አራቱም ከአሜሪካ መጡ። ከእኛው አገር እምቧይም የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ ነው። በቡሬ ዙሪያ፣ በወንበርማና በጃቢ ጠህናን ገበሬው በርበሬውን በየአደባባዩ ሲያሰጣ የሚያየው ሰው፣ ተክሉ ከትምባሆ ጋር አንድ የዘር ግንድና አንድ የባሕር ጉዞ እንዳለው አያስብም። ያለ በርበሬ ወጥ የለም፤ ያለ ወጥም ጾም መያዝና በዓል ማክበር አይታሰብም። ድንቹም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 እንዳስገባው ይነገራል፤ በስፋት የተዘራውም ከክፉ ቀን ረኀብ ወዲህ ነው። ዛሬ በይልማና ዴንሳ የገበሬ ማሳ የድንች አዝመራ የታወቀ ነው። የአዴት ግብርና ምርምር ማእከልም “ዘንገና”ና “ጓሳ” የተባሉትን የድንች ዝርያዎች አውጥቶአል። ከአንድ እናት ከተወለዱት መካከል አንዱ የጓዳ ጌታ፣ ሌላው ከረኀብ አዳኝ ሲሆን፣ ሦስተኛው ከደጅ ቀረ። የቀረው ስለሚጎዳ ነው እንዳንል፣ በዚያ ዘመን ጉዳቱ ገና በሚገባ አልታወቀም ነበር።

ፍርዱ ሕግ የሆነው በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ትምባሆን በብርቱ ከለከሉ። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት ቅጣቱ ለሚያጨስ ከንፈር መቁረጥ፣ ሱረት ለሚወስድም አፍንጫ መቁረጥ ነበር። ይህን ትእዛዝ ለብቻው ነጥሎ ማንበብ ስሕተት ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ የሃይማኖት አንድነትን በዐዋጅ ያጸና፣ እስላሞችም እንዲጠመቁ ያስገደደ ነበር። በአንድ እምነት አንድ መንግሥት ለማቆም በተነሣ ዘመን፣ የሰውን ልብ መርምሮ ማወቅ ስለማይቻል በውጭ የሚታይ ምልክት ይፈለጋል። ከአንገት ማዕተብ አንዱ ምልክት ነበር፤ ከአፍ የሚወጣ ጭስ ደግሞ ተቃራኒው ምልክት ሆነ።

ጎጃም በዚህ ረገድ ልዩ አቀማመጥ ነበረው። በራስ አዳል፣ ከ1873 ዓ.ም. ወዲህም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የሚገዛው ይህ ደጋ አገር፣ በደቡብና በምዕራብ በአባይ የተከበበ ነው። ቡሬና ባሶ የንግዱ በሮች ነበሩ። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና በእነርሱ በኩል አልፎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይጓዝ ነበር። ከሸቀጡ ጋር ሰዎች ይመጣሉ፤ እስላም ነጋዴዎች፣ የወለጋ ኦሮሞዎች፣ ከቆላውም የጉሙዝ ሰዎች። ጋያ የእነዚህ ሰዎች ዕቃ ሆኖ ይታወቅ ነበር። ደገኛው ነጋዴ ከእንግዳው ጋር ይዋዋላል፣ ወርቁን ይመዝናል፣ ቡናውን ይገዛል። ገበታውንና ብርሌውን ግን አይጋራውም። ስለዚህ ጠጅና ትምባሆ ተለያዩ ስንል በእውነት የተለያዩት ጠጪዎቹና አጫሾቹ ናቸው። ልጅ ሳለሁ በአዴት ገበያ ሽማግሌዎች ስለ አንድ ሰው “ጋያ ይስባል” ሲሉ ስለ ልማዱ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስረዳው ግን የሚናገሩት ስለ ትውልዱ ነበር፤ ሰውዬው ከየት እንደ መጣ፣ ልጁንም ማን ሊያገባ እንደማይችል። ይህ በታሪካችን ውስጥ የምንዘለው ክፍል ስለሆነ በግልጽ መጻፍ ያለበት ይመስለኛል።

ክልከላው ከዐድዋ ወዲህ፣ አዲስ አበባ የውጭ ሰው በበዛባት ጊዜ፣ እየላላ ሄደ። በጎጃም ግን ወይንና ጭስ አብረው በአንድ ማዕድ የታዩት በጣሊያን ጊዜ ነው ብል ከእውነት አልርቅም። በቡሬና በደንበጫ ምሽግ ውስጥ የተቀመጠው የጣሊያን ወታደር የወይን ጠጅም ሲጋራም ከስንቁ ጋር ይታደለው ነበር። ሹማምንቱ ዘንድ ቶስካኖ የተባለው ጥቁር ሲጋር የተለመደ ሲሆን፣ በእሳት ጭስ የደረቀ ብርቱ ትምባሆ ስለሆነ ለስላሳ ሊባል አይችልም። የጌዴዎን ጦርና አርበኞቹ ቡሬን ያስለቀቁት በየካቲት ማለቂያ 1933 ዓ.ም. ነው። ጠላት ይዞት የመጣው ነገር ሁሉ አብሮት አልሄደም፤ ሲጋራ በየመንገዱ ዳር ከተሞች ቀረ።

ከነፃነት በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1942 ትምባሆን በሞኖፖል ያዘ። “ትምባሆ ሞኖፖል” የሚለውን ስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም። በሁለት ትውልድ ውስጥ ከንፈር መቁረጥ ወደ ቀረጥ መቁረጥ ተለወጠ። በሸዋ ሮቢት፣ በቢላቴና በኑራ ኤራ ትምባሆ ተተከለ። ኒያላ ሲጋራ እስከ ገጠር ገበያ ድረስ ደረሰ፤ በአዴትም በፍሬ ሲሸጥ አይቻለሁ። በወይኑም በኩል የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱማይትን ሲያሠራጭ፣ “ክሪስታል” የተባለው ነጩ ደረቅ ወይን በሆቴሎች ገበታ ላይ ቀረበ። ለደርግ ዘመን ሰው ሲጋር ማለት በ1969ና በ1971 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኘው ፊደል ካስትሮ በአፉ የያዘው ነገር ነበር። እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1985 ማጨስ አቆመ፤ ምስሉ ግን አላቆመም። የፋብሪካዎቹን የኋላ ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ተዛወረ። የትምባሆው ድርጅት አብዛኛው ድርሻ ደግሞ በ2016ና በ2017 በተደረጉ ሽያጮች በጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ እጅ ገባ። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የፈረንሳዩ ካስቴል እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ወይን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ አቀረበ። ከምርቶቹም መካከል ሻርዶኔ የተባለው ደረቅ ነጭ ይገኛል። እንግዲህ ተከራካሪዎቹ የሚሹት ወይን ከአገር ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

አሁን ስለ ጉዳዩ ያለኝን አሳብ ልናገር። በየግብዣው ሁለት ዓይነት መጽናኛ እሰማለሁ፤ ሁለቱንም አልቀበልም። አንደኛው “አባቶቻችን የትምባሆን ጉዳት ከሐኪሞች ቀድመው ዐውቀው ነበር” የሚለው ነው። አላወቁም። የከለከሉት ስለ ሳንባ ብለው ሳይሆን ስለ ማንነት ብለው ነው። የተቆረጠው ከንፈርም የአንድ ሰው ከንፈር ነበረ፤ ውጤቱ ከዘመናዊው ሕክምና ምክር ጋር መገጣጠሙ አሠራሩን አያጸድቀውም። ሁለተኛው “ወይንና ሲጋር አጣምሮ ማወቅ የሥልጣኔ ምልክት ነው” የሚለው ነው። ይህም ያንኑ አሮጌ ነገር ገልብጦ መያዝ ነው። ትናንት ጭስ የሌላ ሰው ምልክት ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ የተሻለ ሰው ምልክት ሊሆን ይፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ ስለ ቅጠሉ የሚናገር የለም።

ስለ ቅጠሉ ከተናገርን ግን ነገሩ ግልጽ ነው። አልኮልና ትምባሆ እያንዳንዳቸው የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣሉ። አብረው ሲወሰዱ ጉዳታቸው ተደምሮ ብቻ አይቀርም፤ ይባዛል። አልኮል የአፍን ሽፋን ለትምባሆው መርዝ ይከፍታልና። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት፣ ሁለቱንም አብዝተው በሚወስዱት ላይ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር አደጋ ከማይጠጡትና ከማያጨሱት ከ35 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቶአል። በሁለት ሸክሞች መደራረብ ምሰሶ እንዴት እንደሚሰበር ለምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ አንዱን ብቻ የሚችል አካል ሁለቱን አይችልም። ጭሱ ወደ ሳንባ አይወርድም የሚለውም መከላከያ እዚህ ላይ አይሠራም። ሲጋሩም ወይኑም የሚገናኙት እዚያው አፍ ውስጥ ነው።

መንግሥትም ሁለቱን መልሶ አገናኝቶአቸዋል፤ ያገናኛቸው ግን በገበታ ላይ ሳይሆን በአንድ ሕግ ውስጥ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን ከለከለ፣ የአልኮልን ማስታወቂያ በብሮድካስት አገደ፣ ሁለቱም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው እንዳይሸጡ አዘዘ። ለእኛ ለሙያው ሰዎች ደግሞ በውስጡ አንድ የልኬት አንቀጽ አለው። በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ከመከልከሉም በላይ፣ ከበር፣ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም አይፈቀድም። በባሕር ዳር አንድ ሆቴል ሲሠራ ይህን አንቀጽ ይዘን በቦታው ፕላን ላይ ክቦች እየሳልን አንድ ሙሉ ቀን ውለናል። ከየመስኮቱና ከየበሩ 10 ሜትር ሲለካ ክቦቹ እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ግቢውን ሸፈኑት። የተረፈው ጥግ ከውኃ ታንከሩ በስተጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር ያለች ጠባብ መሬት ሆነች። የሲጋር ወዳጅ ባልደረባችን ወደዚያ በሄደ ጊዜ፣ የነጭ ወይኑ ብርጭቆ በአዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ቆይቶ ሞቆ ይጠብቀዋል።